የገዛ አካሉ የተነሳበት ሰሞን

ይህ የደረሰብን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶልን በገባንበት ዓመት ነው። ባለቤቴ ዛሬ በሕይወት አለ። ያን ሰሞን ሳስታውስ ግን አሁንም ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

ባለቤቴ ጌታሁን አቃቂ አንድ ክር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። የቤታችንን ፊኒሺንግ ራሱ ሲሠራ ፌሮ ባቱን ወጋው። "ጭረት ናት" ብሎ በአልኮል ጠርጎ ተወው። ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ያንቀጠቅጠውም ጀመር። አንድ ጠዋት የማይያያዝ ነገር መለፍለፍ ሲጀምር ከጎረቤት ጋር ደግፈን ሆስፒታል አደረስነው።

ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቷል ተባልን። አንቲባዮቲክ ቢጀመርለትም የደም ግፊቱ እየወረደ ሄደ፤ ሽንቱም ቀነሰ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ኮሪደር ላይ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ።

"ባክቴሪያውን መድኃኒቱ እየመታው ነው። አሁን የባሰበት የራሱ የሰውነት መከላከያ ነው። ከልክ በላይ ተቆጥቶ ኩላሊቱንም ሳንባውንም እየጎዳበት ነው። ያንን የሚያበርድ መድኃኒት ልሰጠው አስቤያለሁ።"

"መከላከያውን ካበረዳችሁት በሽታው አይብስበትም?"

"ሊብስም ይችላል። ለዚህ ነው በትንሹ የምንሰጠው፤ አንቲባዮቲኩም አይቋረጥም። እርግጠኛ ነኝ ግን አልልሽም።"

የጌታሁን ታላቅ ወንድም ጋሽ በቀለ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "የደከመን ሰው ጭራሽ አቅም ሊያሳጡት? ጠበል እንውሰደው።"

"ጋሼ፣ አሁን ከአልጋ ብናወርደው መንገድ ላይ እናጣዋለን" አልኳቸው።

ከጎናችን ያለው አልጋ ላይ የእማማ ዘነበች ልጅ ተኝቷል፤ የጌታሁን እኩያ ነው፣ በሽታውም ያው። እማማ ሰምተውን ኖሮ፣ "የኔም ልጅ ትናንት ያንኑ ጀምሯል። አብረን እንጠብቃለን፣ ልጄ" አሉኝ። ሐኪሟን "ይሰጠው" አልኳት።

ከዚያ በኋላ እማማ ከሳሪስ አቦ ያስመጡትን ጠበል ለልጃቸው ሲረጩ ለጌታሁንም ይረጩለት ነበር። ጋሽ በቀለም ይህን ሲያዩ ጠበል እንውሰደው ማለታቸውን ተዉ።

የጌታሁን የደም ግፊት ቀስ በቀስ ተስተካከለ። አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ውሃ ጠየቀኝ። ከንፈሩን በጥጥ ሳረጥብለት የጎናችን አልጋ መጋረጃ ተሳበ። የእማማ ልጅ አርፎ ነበር።

እማማ ሊወጡ ሲሉ ወደኔ መጡ። "ያንቺ ነቃ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እሰይ" አሉ። ከልባቸው ነበር። አቅፌያቸው አለቀስኩ።

ያው መድኃኒት አንዱን አትርፎ ሌላውን ለምን እንዳላተረፈ ሐኪሟን ጠየቅኳት። "ብናውቀውማ" አለች፤ የሷም ዓይን ቀልቷል።

ለቅሶ የደረስኩት ብቻዬን ነው። ጌታሁን አሁን ደህና ሆኖ ሥራውን ይሠራል። "እኚያን እናት ሄደን እንጠይቃቸው እንጂ" ይለኛል። እኔ ግን ሰበብ እየፈጠርኩ እስከ ዛሬ አቆይቼዋለሁ። በእግሩ እየተራመደ በበራቸው ሲገባ እማማ እንዲያዩት አንጀቴ አልቻለም።