ጾመኛው ዘንዶ

በእኛ አገር «እባብ ግደል፣ ከነበትሩ ገደል» ነው። ጋሼ አስናቀው ግን ገዳሪፍ ላይ ዘንዶ አሳደገ። ጊዜው ሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ነው። ጎረቤታሞች ነበርን፤ እኔ ልብስ አጣቢ፣ እሱ ሰሊጥ ተሸካሚ። ልጁን ደርግ ጎንደር ላይ ገድሎበት በመተማ በኩል ብቻውን የተሰደደ ሰው ነው። ልጁ እንዴት እንደተያዘ ግን ተናግሮ አያውቅም።

ዘንዶውን ያገኘው ከሰሊጥ ክምር ሥር ነው። ሠራተኞቹ ዱላ ሲያነሱበት ራሱን መሃል ደብቆ እንደ ልቃቂት ተጠቀለለ።

«መንከስ እንኳ አያውቅበትም፤ አሳዘነኝ እኮ» ብሎ በጆንያ ይዞት መጣ።

ከሁለት ክንድ አይበልጥም። በተሰነጠቀ ዚር፣ በሱዳኖቹ የውሃ እንስራ ውስጥ አስቀመጠው። ቆዳውን ሊጥል ሲል እርጥብ ጨርቅ ያነጥፍለታል፤ ከመጋዘን የተገደለ አይጥ ያመጣለታል። እኔ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያልኩ እስቅበታለሁ። የሰፈሩ ሱዳኖች «አቡ አሰላ» አሉት፣ የዘንዶ አባት ማለታቸው ነው። በዚያ ስም ሲጠሩት ፊቱ ይፈታ ነበር።

ከገና በኋላ ብርዱ ሲገባ ዘንዶው መብላት ተወ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር ሊሞላ ሆነ።

«ሁዳዴን ቀድሞ ያዘልህ፤ ካንተ ይሻላል» አልኩት።

«አትቀልጅ እቱ። ይሄም ከሞተብኝ እኔ ሰው አልሆንም።»

ፊቱን ሳየው ቀልዱ ጠፋኝ። «በድን ሰልችቶት ይሆናል፤ አይጧን ከነነፍሷ ስጠው» አልኩት። ምነው ያን ጊዜ አፌን በቆረጠው!

በማግሥቱ ጠዋት ትልቅ አይጥ ጨመረለት። እንዳታመልጥ የዚሩን አፍ በጣውላ ከድኖ፣ ድንጋይ ጭኖበት ሥራ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጋሼን ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ዘንዶው አይጧን አልነካትም፤ እሷ ናት ጀርባውን እስከ አጥንቱ የበላችው። ራሱን እንደደበቀ ሞቷል።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ» ብዬ አለቀስኩ።

«አንቺ ምን አደረግሽ» አለኝ፣ ዓይኑን ከዚሩ ሳይነቅል። «ልጄንም እንዲሁ ነው ያደረግሁት። ወጥቶ እንዳይያዝብኝ ብዬ፣ ቤት ቆልፌበት ገበያ ሄድኩ። መጥተው በሩን ሲሰብሩ የሚያመልጥበት አልነበረውም።»