የእምነት ቃል

ታይዋን፣ ታይፔ ከተማ በምሠራበት ቤተ መዛግብት ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ሽማግሌ ይመጣሉ። ሸሚዛቸው በበጋም እስከ አንገታቸው የተቆለፈ ነው። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ በወታደራዊው አገዛዝ ዘመን ኮሚኒስት ተብሎ የተረሸነ መምህር የሰጠው የእምነት ቃል። አንብበው፣ አመስግነውኝ ይሄዳሉ።

ትናንት ዶክተር ዪዩን አጠገባቸው ተቀመጠች። ስለዚያ መምህር የጻፈችው መጽሐፍ የቆመው በዚሁ ቃል ላይ ነው።

«አባቴ፣ መምህሩ ዘመድዎ ነበር?»

«አይ ልጄ። ጽሕፈቱ የኔ ነው።»

«እሱ ሲናገር እርስዎ ጻፉት?»

«አለቃዬ ሲናገር ነው የጻፍኩት። ከዚያ ጣቱን ይዘን አስፈረምነው።»

ዪዩን ፋይሉን ወደ ራሷ ሳበች። «እሱስ ምን አለ?»

«እሱማ ውሃ ነበር የለመነን።»

«ሰጣችሁት?»

ሽማግሌው ቀና አላሉም። «እኔ እየጻፍኩ ነበር» አሉ።