ቆጥ የሌለው ቤት

እናቴ ከገሳይ ገጠር ወደ ደብረ ታቦር ጠቅልላ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ቋጠሮ ልብስና አንድ ቅርጫት ዶሮ ነበር። አምስት ሴት፣ አንድ አውራ። ቤቱን የሠራሁት እሷን ላኖርበት ነው፤ ዓረብ አገር አሥራ አንድ ዓመት የሰው ወለል ወልውዬ። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው። ጫማዋን በረንዳው ላይ አውልቃ ገባችና ዙሪያውን አየች።

«ቆጡ የት ነው?» አለችኝ።

ገጠር ዶሮ የሚያድረው ከሰው ጋር፣ ቤት ውስጥ ከፍ ብሎ በተጋደመ ቆጥ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ኩሳቸው ሴራሚኬ ላይ ሲወርድ ታየኝ። «እማ፣ እነሱ ውጭ ነው የሚያድሩት» አልኳት።

«ውጭስ የሚያድር ጅብ ነው» አለች። ቤቱ የእኔ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልተከራከረችኝም።

በያጅ ጠርቼ ጓሮ የብረት ቤት አሠራሁላቸው። ዙሪያው የሽቦ ወንፊት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ጓጉንቸር። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። ጎረቤታችን ያሉት ባልቴት መጥተው አዩና «ከእኔ ቤት ይሻላል፤ አከራዪኝ» ብለው ቀለዱብኝ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት እህል ይዤ ብወጣ፣ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ነው። ውስጥ አራት ዶሮዎች ያለ ጭንቅላት ተጋድመዋል። ሸለምጥማጥ በሩን አልፈለገውም። ቆጥ ስላላበጀሁላቸው ሽቦውን ተጠግተው መሬት ላይ ተኝተው ነበር፤ እሱም በቀዳዳው እጁን እያስገባ አንገታቸውን አንድ በአንድ ስቧል። መሸሻ እንኳ አልነበራቸውም፤ ቆልፌባቸዋለሁ። የተረፉት አውራውና መሐል የተኛችው ገብስማ ዶሮ ብቻ ናቸው።

ሽቦው እንዲደረብ በያጁን መልሼ ጠራሁት። ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አይተው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ። ከበያጁ ጋር ስለ ሽቦ ውፍረት ተነጋግሬ ስገባ፣ እናቴ ልብሷን በነጠላዋ እየቋጠረች ነው።

«ወዴት ነው እማ?»

«ገሳይ። እነዚህን ሁለቱን ይዤ ልሂድ።» አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ያንቺስ ቤት ደግ ነው ልጄ። ብቻ አውራው ውጭ ሲጮኽ አይሰማኝም፤ ሳልጸልይ ይነጋል። ስነቃ የሰው ቤት ያደርኩ ይመስለኛል።»

የሰው ቤት ማደር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ከወጥ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በሩ ከውጭ እየተቆለፈብኝ አድሬዋለሁ። አሁን ደግሞ እናቴን ከገዛ ቤቷ አምጥቼ የሰው ቤት አሳደርኳት። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ለእኔ ነው።

በያጁን ይቅርታ ጠይቄ አሰናበትኩት። ከቤቱ ሥራ የተረፈ የባሕር ዛፍ አጣና ጓሮ ተደግፎ ነበርና አነሳሁት። ቤት ውስጥ፣ ወጥ ቤታችን ጥግ ላይ፣ ከግድግዳ ግድግዳ አጋድሜ መምታት ጀመርኩ። ሁለት ሚስማር አጣመምኩ። እናቴ ቋጠሮዋን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች።

«ዝቅ ብሏል» አለች በመጨረሻ። «ከፍ አድርጊው፤ ድመት ዘሎ ይደርስባቸዋል።»

ከፍ አደረግኩት። ቋጠሮዋን ወንበር ላይ አስቀመጠችና የአጣናውን ጫፍ ያዘችልኝ።

አሁን አውራው ሲጮኽ እናቴ ትነሳለች፤ «በስመ አብ» ስትል ከክፍሌ ሆኜ እሰማታለሁ። ሲነጋ እኔም ተነስቼ ከቆጡ ሥር ያለውን ሴራሚክ እወለውላለሁ። ይሸታል፤ እነጫነጫለሁም። እናቴ ሰምታ ጨርቁን ልትቀበለኝ ትመጣለች።

«ተዪው እማ» እላታለሁ፣ «የሰው ቤት አይደለም።»