ሽማግሌ የያዘው ጉዳይ

ይህን ለእናቴም ለባሌም በአፌ አውጥቼ ተናግሬው አላውቅም። ለጌታዬ እንኳ፣ እሱ ያውቀዋል እያልኩ፣ ሰግጄ በጨረስኩ ቁጥር ዘልዬው ነው የምነሣው። እናንተ ግን አታውቁትምና ስሙኝ።

ኮምቦልቻ ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የሕግ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ደሴ ፒያሳ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ጥብቅና እሠራ ነበር። የድንበር ክርክር፣ ፍቺ፣ ቀጠሮ፣ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ድርጅቱ ሲቀጥረኝ ነገርን ሳይበላሽ መያዝ ምን እንደሚመስል አየሁ። ማሽን ከመገዛቱ በፊት ውሉን አንብቤ «ይቺ አንቀጽ ነገ ታስለቅሰናለች» ስል ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ይሰማኛል። ለካ የተማርኩት ለዚህ ነው አልኩ። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ፣ የደሴ ጉም ከላይ ቀርቶ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲቀበለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራውን ወደድኩት። ክፉ ያደረግሁት ሥራዬን ጠልቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ለመናገር ይቀለኝ ነበር።

ዘሀራ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ፣ እዚያው ደሴ አጠገብ ያለችው የገራዶ ልጅ ነበረች። እናቷ ሲሞቱባት ፈረቃ መሪዋን በቃል አስፈቅዳ ለቀብር ሄደች። ስትመለስ ሰውዬው «እኔን አላስፈቀደችኝም» አለ፤ ያለ ፈቃድ ቀርታለች ተብላ ተባረረች። ፋይሉ እኔ ዘንድ ሲመጣ ሰውዬውን ጠርቼ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የዋሸኝ። ፍርድ ቤት ብትሄድ ድርጅቱን እንደምትረታና ወደ ሥራዋ እንደምትመለስ ያኔውኑ አወቅሁ። አለቆቼ ግን አንዷን ከመለስን ሁሉም ይመጣብናል ብለው ነበር። እኔም አዲስ ነኝ፤ በገባሁ በዓመቱ አዲሷ የሕግ ባለሙያ ተረታች እንዲባልብኝ አልፈለግሁም።

ዘሀራ ፍርድ ቤት አልሄደችም፤ ሽማግሌ ላከች። አጎቷ ሼህ ይማም ሁለት ሰው አስከትለው ቢሮዬ መጡ። አባቴን ያውቁታል።

«ልጄ፣ አንቺ የኛው ነሽ። መካሰሱ ምን ያደርጋል? በዱዓ እንጨርሰው» አሉኝ።

ወንበር እያቀረብኩላቸው ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? የሕጉን ይርጋ አሰብኩ። የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራ መልሱኝ ብሎ የሚከስበት ጊዜ አጭር ነው፤ ካለፈ እውነት ቢኖረውም ሰሚ የለውም። በኛ አገር ደግሞ ሽማግሌ የያዘውን ጉዳይ ፍርድ ቤት መውሰድ ሽማግሌውን መናቅ ነው፤ ማንም ደፍሮ አያደርገውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሺ አልኳቸው። ከዚያ አጓተትኩት። አንዴ ሥራ አስኪያጁ አዲስ አበባ ናቸው፣ አንዴ ረመዳን ይለፍ፣ አንዴ ዒዱ ይዋል እያልኩ አጓተትኩት። ገራዶ ድረስ ሄጄ ዱዓቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ዘሀራ ውሃ አምጥታ አስታጠበችኝና «እትዬ፣ ይመልሱኝ ይሆን?» አለችኝ። አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት። እኔ፣ በዚሁ አፌ፣ አብሽሪ አልኳት።

ድርጅቱ በጽሑፍ አንዲት ቃል ከሰጣቸው ይርጋው ተቋርጦ እንደገና ሊቆጠር ስለሚችል ሁሉን ነገር በቃል ብቻ ነበር የማደርገው። አንድ ቀን ከሽማግሌዎቹ አንደኛው «ለማንኛውም ልጅቱ ፍርድ ቤት ብታመለክትስ?» ብሎ ቢያነሣ፣ ሼህ ይማም «እኛ ይዘነው? ነውር አይደል እንዴ» ብለው ዝም አሰኙት። እኔ እዚያው አጠገባቸው ነበርኩ። ትሂድ ብል ያበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ታዲያ ምን ነበር?

ጊዜው ማለፉን ካረጋገጥኩ በኋላ ድርጅቱ አልተስማማም አልኳቸው። ያኔ ከሰሰች። ችሎት ቆሜ ጉዳዩ በይርጋ ይታገዳል ብዬ መቃወሚያ አቀረብኩ፤ የእናቷ ሞትም፣ የፈረቃ መሪው ውሸትም ሳይነሣ መዝገቡ ተዘጋ። አለቆቼ አጨበጨቡልኝ። ኃላፊ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዘሀራ ዐረብ አገር ሄደች። መጀመሪያ ትደውል ነበር አሉ፤ አሁን ድምፅዋ ጠፍቷል።

ይህንን የሰማሁት ከሼህ ይማም ነው። በቅርቡ ፒያሳ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። በጣም አርጅተዋል። ይሰድቡኛል ብዬ ፈራሁ፤ እሳቸው ግን እጄን ያዙኝ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ። ሂጂ ክሰሺ ብላት ኖሮ እዚሁ በቀረችልኝ። አንቺስ ደክመሽ ነበር፣ አላህ ይቀበልሽ። እኔ እሷን በምን አፌ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልበላት?»

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ምን አልኩ? የአላህ ውሳኔ ነው አልኳቸው። የራሴን ሥራ ለአላህ ሰጠሁት፤ የተረፈውን ጥፋት ለሽማግሌው ተውኩት። እዚያው ቆመው ዱዓ አደረጉልኝ፤ ተቀበልኩ።

የሰው ሐቅ ነው ያለብኝ። ባለቤቱ ካልሆነ በቀር ማንም አፉ ሊለኝ አይችልምና እናንተን አፉ በሉኝ አልልም። ሕጉ ነው፣ ድርጅቱ ነው፣ አለቆቼ ናቸው አልልም፤ እኔ ነኝ። ነገም ሰርቪስ ተሳፍሬ ሥራ እገባለሁ፤ ሥራዬን ዛሬም እወደዋለሁ። ሼህ ይማም ልጅቱን ያጠፏት እሳቸው እየመሰላቸው ይኖራሉ። ገራዶ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ከፒያሳ ሚኒባስ አለ። እውነቱን ልነግራቸው ግን እስከ ዛሬ አልሄድኩም።