ምልክቱን የት አደረጉት?

ሲግናል ሰፈር ካሉት የመኪና ቴፕ ቤቶች በአንዱ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አሠሪዬ ጋሽ ከድር መጀመሪያ ያስተማሩኝ ስለ ድምፅ አልነበረም። ማታ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመው፣ «ቦርሳሽን ክፈቺ» አሉኝ። ከፈትኩ። የምሳ ዕቃዬን ክዳን ሳይቀር አንስተው አዩ።

«አይክፋሽ፣ ጽጌ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እዚህ ሥራ ውስጥ ማንንም አትመኚ፤ እኔንም ጭምር» አሉኝ።

ከፋኝ እንጂ፣ እንዴት አይከፋኝም! የሰው ዕቃ ነክቼ የማላውቅ ልጅ ነኝ። ግን ሥራ ፈልጌ ስንት በር አንኳኩቼ ያገኘሁት ቦታ ስለሆነ ዋጥ አደረግሁት።

ሳምንት ሳይሞላኝ ነገሩ ገባኝ። ደንበኛ ከመኪናው አይርቅም። በርጩማ ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ካቻቢቴ ባነሳሁ ቁጥር አንገቱ ይሰግጋል። ምን ያድርግ? ኦርጂናል አስገብቶ ፎርጂድ ይዞ የወጣ ዘመድ የሌለው ማን አለ?

ጋሽ ከድር ጥርጣሬያቸውን ለዕቃም ያካፍሉታል። ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋት አያምኑም። «ካርቶን አይዘፍንም» ይላሉ። አዲስ እስፒከር ሲመጣ ፊቱ ላይ የሚርገበገበውን ኮን በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይገፉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። የሚፋቅ ነገር ከሰሙ አይገዙትም።

አንድ ደንበኛ «ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ ግጠሙልኝ» ካለ፣ «ድምፁ እንዲያምር ነው ወይስ ጎረቤት እንዲያይልህ?» ይሉታል። ለድምፅ ከሆነ መጀመሪያ የበሩ እስፒከር ይቀየራል። የበሩ ቆርቆሮ እንዳይንቀጠቀጥ ውስጡ ወፍራም ምንጣፍ ይለጠፍበታል። ድምፅ የሚያጎላው አምፕሊፋየር ከተጨመረ ኔጌቲቭ ሽቦው የመኪናው ቀለም ተፍቆ ባዶ ብረት ላይ ይታሰራል። ስክሪኑ ገንዘብ ከተረፈ ነው።

ሥራ ሲያልቅ ደንበኛውን ይዘን ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣለን። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ እስፒከሩ አብሮት «ዊይ» ካለ ኔጌቲቩ በደንብ አልታሰረም ማለት ነው። አናት ላይ ስንደርስ ባሕር ዛፉ ሥር ሞተር አጥፍተን እናዳምጣለን። እዚያ ጉድለትን የሚሸፍን የመንገድ ጫጫታ የለም።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው አቶ ታምራት የመጡት። የካ የሚኖሩ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ሁለት እስፒከር እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ገቡ። «ወንድሜ ከዱባይ ነው የላከልኝ። እዚህ አገር አይገኝም» አሉ፣ እኔን እኔን እያዩ።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ሻይ ይምጣልዎት?» አልኳቸው።

«ይቅር። ለሻይ ጎንበስ ስል ዓይኔ ከመኪናው ይነሳል» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

የሾፌሩን በር ከፍቼ እስፒከሩን እንዳሰርኩ ለአቶ ታምራት ከቢሮ ተደወለላቸው። እየተገላመጡ ሄዱ። ወዲያው ጋሽ ከድር፣ «መገናኛ ሂጂና ፊውዝ ግዢ» ብለው ላኩኝ። ስመለስ ክፍት የተውኩት በር ተዘግቷል፤ ብሎኑም ጠብቋል።

«ጨረስኩልሽ» አሉኝ። ጋሽ ከድር የእኔን ሥራ ጨርሰውልኝ አያውቁም። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

እንጦጦ ወጥተን ሞከርነው። አንድ እንከን የለውም። አቶ ታምራት ራሳቸው «እሰይ!» ብለው ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረጉ።

ብዙም ሳይቆዩ አንድ ጠዋት ተመለሱ። ሰላምታ የለም። ሙዚቃ ከፈቱ። ወፍራሙ ድምፅ በመጣ ቁጥር የሾፌሩ በር «ጥዝዝ» ይላል።

«ይሄ የእኔ እስፒከር አይደለም። ቀይራችሁብኛል! አሁኑኑ መልሱልኝ፤ አለዚያ ፖሊስ ጣቢያ እንገናኛለን» ብለው ጮኹ። የጎረቤት ሱቅ ልጆች በሙሉ ወጥተው ቆሙ።

ጋሽ ከድር ወደ ጓዳ ሳቡኝ። «ጽጌ፣ ወስደሽው ከሆነ አሁን ንገሪኝ። እኔ እሸፍነዋለሁ» አሉ በሹክሹክታ።

ደሜ ፈላ። «እኔ? በሩን የዘጉት እርስዎ! ፊውዝ ግዢ ብለው ያራቁኝ እርስዎ!»

«እኔ ሌባ ነኝ?»

«እኔስ ነኝ?»

ተፋጠጥን። ሲግናል ላይ አንዴ ሌባ የተባለች ልጅ መኪና የሚያስነካት ሱቅ አታገኝም። ስሜ ሄደ፣ እንጀራዬም አብሮ ሄደ ብዬ ፈራሁ።

አቶ ታምራት ከውጭ ተጣሩ። «አትጨቃጨቁ! እኔ ምልክት አድርጌበታለሁ። በሩ ይከፈትና ይታይ!»

ማን ይፍታው? ጋሽ ከድር ለእኔ አልተዉልኝም፣ እኔም ለእሳቸው። በመጨረሻ እኔ ብሎኑን ፈታሁ፣ እሳቸው የበሩን ልባስ ያዙ፣ አቶ ታምራት የስልካቸውን መብራት አበሩ። ሦስታችንም የምናየው በሩን ሳይሆን የሌላውን እጅ ነበር።

እስፒከሩ ወጣ። አገላብጬ አየሁት። ምንም ምልክት የለም!

«የታለ ምልክቱ?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ውስጥ ነው እንጂ! ላዩ ላይማ ሌባ ያየዋል። ወረቀት ላይ ፈርሜ፣ በጀርባው ክፍተት አስገብቼ፣ ከኮኑ ጋር በቁስል ፕላስተር ለጥፌዋለሁ።»

ጋሽ ከድር እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን። ወረንጦ አምጥተው በክፍተቱ ሰደዱት። ፊርማ ያለበት ቁራጭ ወረቀት ወጣ። ፕላስተሩ በአንድ በኩል ለቋል። የአቶ ታምራት ሰፈር ኮብልስቶን ሲያንገጫግጨው ለቆ፣ ከኮኑ ጋር ሲማታ የከረመው እሱ ነው። እስፒከሩን መልሰን ሙዚቃ ከፈትን። ጥዝዝታው ጠፋ።

አቶ ታምራት ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። «ፊርማው የእኔ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እስፒከሩም የእርስዎ ነው፣ ጥዝዝታውም የእርስዎ ነው!» አልኳቸው። ጋሽ ከድር አልተቆጡኝም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አሉኝ አቶ ታምራት። ከልባቸው ነበር።

«የቀኙንም በር ወረቀት ላውጣልዎት?»

ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እሱ እንኳ ይቆይ» አሉ።

ያን ዕለት ማታ ሳልጠየቅ ቦርሳዬን ከፍቼ ጋሽ ከድር ፊት ዘረጋሁት። ዛሬስ ያፍራሉ ብዬ ነበር። እንደ ወትሯቸው አዩ፤ የምሳ ዕቃውን ክዳንም አነሱ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ሁለቱንም ኪሳቸውን ገልብጠው አወጡ። ቁልፍ፣ መቁጠሪያ፣ አንድ ማስቲካ። «እዪ» አሉኝ። «በሩን የዘጋሁት ዝናብ ሊመጣ ስለነበር ነው። ጠረጠርሽኝ፤ መብትሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንቺም እኔን ትፈትሺያለሽ።»

አየሁ። የራሴን ሱቅ እስክከፍት ድረስ ማታ ማታ እኔ ቦርሳዬን፣ እሳቸው ኪሳቸውን እያሳየን ተለያየን።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ብቻ ነው። በር ከመፍታታችሁ በፊት ደንበኛውን «ምልክቱን የት አደረጉት?» ብላችሁ ጠይቁ። እስካሁን «አላደረግሁም» ያለኝ አልገጠመኝም። አንድ ቀን ሱቅ ከፍታችሁ የሠራተኛችሁን ቦርሳ የምታዩ ከሆነ ደግሞ የራሳችሁንም ኪስ ገልብጡ።