መርፌ ያልነካት በግ

ቴፒ ውስጥ ማናልሞሽን በስሟ የሚጠራት የቀረው ባሏ ባየ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው «መርፌ» ሆናለች። ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ብቅ ስትል ከውስጥ ሳቁ ይቀድማታል።

«መርፌ መጣች! በሬው ካርዱን ያዘጋጅ!»

«ሳቁ፣ ጥርስ አያልቅ» ትላለች። «ይሄ በሬ መርፌ ነክቶታል ወይስ አልነካውም? እሱን ብቻ ንገሩኝ።»

ባለ ሉካንዳው ኃይለጊዮርጊስ ቢላውን በሞረዱ እያፋጨ፣ «እህት ዓለም፣ እኔ ገዛሁት እንጂ አላሳደግሁት። ቆሞ ሄዷል፣ ሣር በልቷል፣ ዛሬ ተሰቅሏል። ከዚህ ሌላ የሕይወት ታሪኩን አላውቅም» ይላታል።

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

«እሱ ራሱ ያውቅ ነበር። ዘግይተሽ መጣሽ።»

እንደገና ሳቅ። ማናልሞሽ ባዶ ፌስታሏን አጣጥፋ ወደሚቀጥለው ሉካንዳ ትሮጣለች። ትሮጣለች ስንል ሦስቴ እየቆመች፣ አጥር እየተደገፈች ነው፤ ደም የላትም።

ሰው የሚስቅባት ምክንያቱን ስለማያውቅ አይደለም። ያውቃል። በፋሲካ ማግስት የቅርጫ ሥጋ በልታ፣ ማዕዱ ሳይነሣ ከንፈሯ አብጦ፣ ጉሮሮዋ ጠብቦ፣ ባየ በባጃጅ ጭኖ ጤና ጣቢያ ሲያደርሳት ሰፈሩ በሙሉ አይቷል። የጤና መኮንኑ አልአዛር ነፍሷ መለስ ሲልላት ነበር የተቆጣት።

«ፔኒሲሊን አይስማማሽም፣ አትወጊ ብዬሽ አልነበረም?»

«ማን ተወጋ? ሥጋ ነው የበላሁት!»

«እንግዲያው በሬው ተወግቶ ይሆናላ።»

ቀጥሎ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየ። ውስጡ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ማሕፀኗ ላይ ያለው ዕጢ ሲያደማት ከርሟል፤ ሚዛን ሆስፒታል ሄዳ መቀደድ አለባት። ደሟ ካልጨመረ ደግሞ ሐኪሞቹ ቢላ አያነሡም። የደም መጨመሪያውን ክኒን ሆዷ አልቀበልም ብሎ ይተፋዋል።

«ቀይ ሥጋ ብዪ፣ ጉበት ብዪ» አላት አልአዛር። «ቡናና ሻይ በምግብ ላይ እንዳትደርቢ። የተወጋ ከብት ሥጋ ግን በአፍሽ እንዳይዞር። በሥጋው መሆኑን በዓይኔ አላየሁም፤ ቢሆንም በአንቺ ነፍስ ሙከራ አንሠራም።»

ብዪ፤ አትብዪ። ይህን ይዛ ወጣች።

ማናልሞሽ ቡና ለቃሚ ናት። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተቀምጣ ጥቁሩንና የነቀዘውን ፍሬ ከጤነኛው ትለያለች። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኗ ምን ይለይላታል? ተወግቶ የታረደውም ሳይወጋ የታረደውም ያው ቀይ ነው። የሚለየው ያሳደገው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።

ለምን ይናገራል? ቴፒ ቆላ ነው፤ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ዝንብ ከብቱን እየነከሰ ያከሳዋል። ባለቤቱ ገበያ ይወጣና ጨውና ባትሪ ከተዘረጋበት ሸራ ላይ የመድኃኒት ብልቃጥ ያነሣል። ለገንዲ የሚሆነውንም የማይሆነውንም ቀላቅሎ በዛገ መርፌ ይወጋል። በሬው ቀና ካለ ያርስበታል። ሊሞት ካለ በማግስቱ ለቅርጫ ይነዳዋል። ከተወጋ በኋላ ስንት ቀን ሳይታረድ መቆየት እንዳለበት ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ማን አንብቦት! ሊሞት ያለውን ለጎረቤት ማብላት ብልጠት፣ «ምን ወግታችሁታል?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነገረኝነት የሆነበት ጊዜ ላይ ደረስን።

የሰፈሩን ቅርጫ የምታስተባብረው ጎረቤቷ የሺሃረግ ናት። ማናልሞሽ እሷንም ጠየቀቻት።

«ስሚ ማኔ» አለቻት የሺሃረግ፣ «ቅርጫ በእምነት ነው። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይታያል። እናቴ ‹መርፌ ነክቶታል?› ብላ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።»

«በእናትሽ ጊዜ ማን በሬ ይወጋ ነበር!»

«እንዲያው ሰው ማስቀየም ሆነብሽ። ደግሞ ዕጣ ሳይወጣ ጉበቱን ለእኔ ብለሽ እንዳትመጪ።»

ማሻ ደጋ ነው፣ ዝንቡ እዚያ አይወጣም ያላት አንድ የአይሱዙ ሾፌር ነው። በነጋታው ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ለአንድ ኪሎ ሥጋ ማሻ ድረስ?» አለ ባየ።

«ለአንዲት ነፍስ በል።»

የማሻ ገበያ ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። በግ በበግ ላይ ተደራርቧል። ማናልሞሽ እየተጋፋች «ንጹሕ ነው?» ስትል፣ ሁሉም «እንደ ጠበል!» ይላታል። ሁሉም እንደ ጠበል ከሆነ ማንን ትመን? ዋጋውም የሚቀመስ አልሆነም። ደክሟት አንዲት ሽንኩርት ሻጭ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ከዚያ ሆና ነው ያየችው። ገበያው ጥግ፣ አጥሩ ሥር፣ አንድ ሽማግሌ ሦስት በጎች ይዞ ለብቻው ቆሟል። የሚጠጋው የለም። አንድ ነጋዴ ግን ሄደ። ሰላምታም የለ፣ ተነጫንጮ ዋጋ ሰበረ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ አኖረ። ሽማግሌው የአንዷን በግ ገመድ መሬት ጣለና ወደ ኋላ ሸሸ። ነጋዴው ገመዱን አንሥቶ በጓን ወደ ገበያው መሐል ጎተታት። ወዲያው አንዲት ሴት «ንጹሕ ናት?» አለችው። «እንደ ጠበል!» አላት፤ በእጥፍ ሸጠላት።

«ለምንድነው ሰዉ ከሽማግሌው የማይገዛው?» አለች ማናልሞሽ።

ሽንኩርት ሻጯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማንጆ ነዋ» አለቻት።

ማንጆዎች ዱሮ ጫካ ውስጥ አድነው ያድሩ ነበር። አያቶቻቸው የበሉትን የአውሬ ሥጋ እየቆጠረ፣ የልጅ ልጆቻቸውን «ርኩስ» ብሎ ከማዕዱ የሚያርቅ ሰው ዛሬም ሞልቷል። ከጫካ ያወረዱትን እንጨት ያነድዳል፤ አብሯቸው ግን አይበላም። በግ ደግሞ ገመዷ እጅ ሲቀይር ትነጻለች! ይህን ዓይነት ጠበል የት አገኙት?

ማናልሞሽ ተነሥታ ሄደች።

«አንተ፣ ይቺ በግ ንጹሕ ናት?»

አንተ ያለችው አባቷ የሚሆን ሰው ነው። ልማድ ነው፤ ሁሉም እንዲያ ይለዋላ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አያት። «በጓ ንጹሕ ናት። ንጹሕ አይደለም የሚሉት እኔን ነው።»

ፊቷ ጋለ። «እኔ እንኳ… መርፌ ማለቴ ነው። የተወጋ ሥጋ አይስማማኝም፣ ይገድለኛል።»

«መርፌ ከሆነ ነጭዋን ተያት። ባለፈው ሳምንት እግሯ ቆስሎ ወግቻታለሁ። ቡናማዋን ውሰጂ፤ እሷ ከቅጠል ሌላ የቀመሰችው የለም።»

ማናልሞሽ ነጭዋን ትታ ወደ ቡናማዋ ዞረች። ከፋሲካ ወዲህ ስንት ደጅ ረግጣለች፤ «ይቺን ተያት» ያላት የመጀመሪያው ሰው ይህ ነው። ሊሸጥላት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል?

ከተስማሙ በኋላ ሽማግሌው የቡናማዋን ገመድ መሬት ጣለና ሸሸ።

«ለምን ጣልከው?»

«ታነሺው ብዬ ነዋ። ከእጄ የሚቀበል የለም።»

ጎንበስ ብላ ገመዱን አነሣች። ይዛው መሄድ ትችል ነበር፤ እግሯ እምቢ አላት። መልሳ ዘረጋችለትና፣ «ከእጅዎ ይስጡኝ» አለች። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ግራ ቀኝ አዩ። ከዚያ ተቀብለው ሰጧት። ስማቸውን ጠየቀች፤ ጴጥሮስ ነኝ አሉ፤ ስልካቸውንም ሰጧት።

ጥሩ ሠራች እንበል? ቆይ፣ አትቸኩሉ። ማሻ ላይ ማን ያውቃታል? ድፍረት ሰው በማያውቅበት አገር ርካሽ ናት።

በጓን ይዛ ቴፒ ስትደርስ ባየ በስመ አብ ብሎ አረደ። ማናልሞሽ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ከንፈሯ አላበጠም። ጉሮሮዋ አልጠበበም። አልአዛር ከጥቂት ጊዜ በኋላ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ፣ «ቀላ ማለት ጀምሯል፣ እንዳታቋርጪ» አላት።

እንዳታቋርጪ ማለት ቀላል ነው። አንድ በግ ለባልና ሚስት ብዙ ነው፤ ፍሪጅ የለ፣ አቅምም የለ። ስለዚህ እነየሺሃረግን ጠራቻቸው። የማሻ በግ ጣዕሙ ወሬ ሆኖ ነበርና ተሻምተው ገቡ። ትንሽ የበግ ቅርጫ ሆነ፤ ጉበቱንም አዝነው በስምምነት ለማናልሞሽ ተዉላት።

«ከማን ነው የምትገዢው ግን?» አለች አንድ ቀን የሺሃረግ።

«ከማሻ።»

«ማሻ የሰው ስም ሆነ?»

«ከአንድ ሽማግሌ ነው፣ እኔ ምን አውቃለሁ!»

ያቺ ቃል አንገቷ ላይ ተሰካች። እኔ ምን አውቃለሁ። የኃይለጊዮርጊስ መልስ ናት! ስትሰድበው የከረመችውን መልስ በራሷ አፍ ተናገረችው። ያ ነጋዴም ከዚህ የተለየ ምን ሠራ? በጓ ገበያው ጥግ ላይ ርኩስ፣ ማናልሞሽ ግቢ ስትደርስ ንጹሕ። እንቅልፍ አጣች፤ ቡና ስትለቅም እጇ ጤነኛውን ፍሬ ከነቀዘው ጋር ይጥላል። ብትናገር ቅርጫው ይበተናል፤ ቅርጫው ከተበተነ ሥጋው ይቀራል፤ ሥጋው ከቀረ ደሟ። ዝም አለች።

ክረምቱ ሲገባ ለመንገድ ጉልበት አጣች፤ ደወለችና ጴጥሮስ በጓን በአይሱዙ ይዘው ወረዱ። ለባየ አስረክበው፣ መመለሻ መኪናቸውን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቁ ጀመር። ዝናቡ ይወርዳል። ግቢ ውስጥ በጓ ታርዳ፣ መደቡ በኮባ ቅጠል ላይ ተዘርግቷል፤ ጎረቤቱ ታዛ ሥር ተቀምጦ ዕጣ ሊወጣ ነው።

«ማነው ውጭ የቆመው?» አለች የሺሃረግ።

ከጎረቤቶቹ አንዷ፣ አስካለች፣ የማሻ ልጅ ናት። አንገቷን አስግጋ አየችና ወደ የሺሃረግ ጆሮ ተጠጋች። ሹክሹክታው ታዛውን ዞረ። አስካለች ጴንጤ ናት፣ የሺሃረግ ኦርቶዶክስ፤ እዚህ ላይ ግን ሃይማኖታቸው አንድ ሆነ።

ማናልሞሽ መደቡን አየች። ጉበቱን አየች። አጥሩ ጥግ ከኮፍያቸው ውኃ የሚወርድባቸውን ሽማግሌ አየች።

«አባባ ጴጥሮስ!» ብላ ጮኸች። «ይግቡ! ዝናብ አይምታዎት፣ ይግቡ እንጂ!»



«‹ይግቡ› አልሽው?» አለች የሺሃረግ።

«አዎ፣ ይግቡ አልኩ። እስከ ዛሬ ስታላምጡት የከረማችሁትን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ‹ይቺን ተያት፣ ተወግታለች› ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው! ሥጋው ሆዳችሁን ምን አደረገው?»

«አታልለሽ አበላሽን!»

«አዎ፣ አልነገርኳችሁም፤ እሱ ጥፋቴ ነው። ማብላቴ አይደለም።»

አንድ በአንድ ተነሡ። የሺሃረግ መጨረሻ ወጣች። ጴጥሮስ ጭቃቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልሂድ ልጄ፣ አልጣላሽ» አሉ። ባየ ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው። ማናልሞሽ ጥብሱን አቀረበች፤ ከአንድ ትሪ በሉ። ያልተነሣው መደብ ሒሳብ በእሷ ላይ ወደቀ፤ በመጋዘን ድርሻዋ ያገኘችውን፣ መጠጣት የቀረባትን ቡና አውጥታ በጎደለው ብር ፋንታ ለጴጥሮስ ሰጠች። ከእጅ ወደ እጅ።

ጴጥሮስ ከሄዱ በኋላ፣ ሊመሽ ሲል ከጓሮ አጥር «ማኔ!» የሚል ድምፅ መጣ። የሺሃረግ ናት፤ ድስት በነጠላዋ ሸፍናለች።

«መደቤን ልውሰድ ብዬ። ሥጋው ምን አጠፋ?»

«በጓሮ የሚሰጥ ሥጋ የለኝም። ሌላ ቀን እሳቸው ሲመጡ በበሩ ግቢ፣ አብረሽን ቁረሺ፣ መደብሽን ውሰጂ።»

«ጤናሽስ? ብቻሽን ትችዪዋለሽ?»

ማናልሞሽ ወደ ሥራዋ ዞረች። ገመድ ወጥራ ነበር፤ ሥጋውን ለቋንጣ እየዘለዘለች፣ በርበሬና ጨው እየነሰነሰች ትሰቅላለች። ሚዛን እስክትሄድ ይበቃት እንደሆነ በዓይኗ ትለካለች። ክንዷ ዛለ፣ ቢላው ግን አይቆምም።

የሺሃረግም አልሄደችም። ባዶ ድስቷን አቅፋ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ አንዴ ወደ በሩ አንዴ ወደ ቋንጣው እያየች ቆማለች።