ለሌላ ሰው የተሰጠ ወተት

በሞሮኮዋ ኡጅዳ ከተማ ውስጥ ታሙን የማያውቅ ሰው ካለ አዲስ ገብ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሙሽራ ልብስ ሰፍታለች፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም። ይቅርታ የሚባል ነገር ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ልብስ አጥብባ ብትሰፋ እንኳ የምትቆጣው ሙሽራዋን ነው።

ያን ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሄደችው ያንኑ ቃል ለመናገር ነበር። ታናሽ እህቷ ያሚና ከብራስልስ ትመጣለች። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እናታቸው ስትሞት ያሚና ለቀብር አልደረሰችም፤ ታሙም በስልክ «ከእንግዲህ እህት የለኝም» አለቻት። ያሚና ያን ሰሞን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር ታሙ የሰማችው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እየተደዋወሉ ስለ ዝናብና ስለ ወይራ ያወራሉ። ዋናውን ነገር ግን አንዳቸውም አያነሱትም።

ታሙ በአንድ እጇ የቴምር ሳህን፣ በሌላው ወተት የሞላ የብር ጽዋ ይዛ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ በወተትና በቴምር ካልተቀበሉት ምኑን መጣ ይባላል? መነጽሯን ሆን ብላ ቤት ትታዋለች፤ ያሚና አርጅተሻል እንዳትላት።

«አክስቴ፣ ወተቱን አሁን ቀድተው እሷ እስክትወጣ እርጎ ይሆናል» አላት ያመጣት ባለታክሲ፣ ጎረቤቷ ቡጀምዓ።

«አንተ መኪናህን ጠብቅ።»

«ያ ሦስት ሻንጣ የሚጎትተው ሰውዬ ሀብታም ሳይሆን አይቀርም።»

«ሻንጣው የሱ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። የራሱን ዕቃ የሚጎትት ሰው እንዲህ አይነጫነጭም።»

ፊት ባይለይላትም አረማመድና ልብስ አያመልጣትም። አበባ ይዞ የቆመ ጎልማሳ ነበር፤ እጮኛው ከአባቷ ጋር ብቅ ስትል ደንግጦ አበባውን ለአባትየው ሰጠ። ታሙ ወተቱ እስኪፈስ ሳቀች።

ከዚያ አንዲት ረጅም ሴት ወጣች። ግራ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ ስትራመድ ቁርጥ እናታቸውን ናት። ታሙ ቡጀምዓን ገፍታ ሮጠች።

«ዝም በይና ልናገር፤ ካለዚያ ይቀርብኛል። እናታችን የሞተች ቀን ያልኩሽ ነውር ነው። ታመሽ እንደነበር ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ዝም አልኩ፤ እሱ ይብሳል። ይቅር በይኝ እህቴ» ብላ ጽዋውን አስጠጋችላት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ግን የቀረበላትን የመቀበያ ወተት እንዴት ትመልስ? ጠጣች፤ ቴምሩንም ቀመሰች። አፏን ጠርጋ፣

«እኔ ዞህራ ነኝ» አለች በቀስታ። «የሚቀበለኝ ሰው አልነበረኝም። አላህ ይስጥልኝ።»

ታሙ ጽዋውን መልሳ ተቀበለች። ስንት ሌሊት ያሰናዳችውን ቃል ለማታውቃት ሴት ሰጥታ ጨረሰችው። ራሷን ታውቃለች፤ ሁለተኛ አይወጣትም።

«ወተቴን ለሰው ሰጠሽብኝ?»

ድምፁ የስልኩ ድምፅ ነው። ከዞህራ ኋላ አንዲት ቀጭን፣ ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ሻንጣዋን ይዛ ቆማለች። ታሙ የቀረውን ወተት ዘረጋችላት።

ያሚና ጽዋውን ተቀበለቻትና ዘንበል አድርጋ አየችው። የቀረው አንድ ጉንጭ አይሞላም። እሱኑ ጠጣችው።

«አውሮፕላኑ ላይ ስፈራ የነበረው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ወተት ሳትይዥ ትቆሚያለሽ ብዬ ነው» አለች። «የተናገርሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ መድገም የለብሽም።»

ታሙ ሳህኑን ለቡጀምዓ አስያዘችና እህቷን አቀፈቻት። ዱሮ ታዝላት የነበረችው ልጅ አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። እንባዋ መጣ።

«ይቅር በይኝ» አለች ታሙ፤ ማንም ሳያስገድዳት፣ ለሁለተኛ ጊዜ።